«ፖዘቲቭ» የተባለችው እናትና ያልተመረመረው ጨቅላ

ፅንስ ደጋግሞ የሚጨነግፍባት ወይም ልጇ ታሞ የተወለደባት ሴት ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ሐኪም ስትሄድ ከሚታዘዙላት የደም ምርመራዎች አንዱ በሕክምናው ሰፈር «ቶርች» እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ ይህም ከእናት ወደ ፅንስ የሚተላለፉ እንደ ቶክሶፕላዝማ፣ ሩቤላ፣ ሳይቶሜጋሎቫይረስና ሄርፒስ ያሉ ተዋሲያንን በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ ጥቅል ምርመራ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ በአጭር አጠራሩ ሲ.ኤም.ቪ.፣ ከሚለው መስመር ትይዩ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴቲቱ የልጇ ጠንቅ በገዛ ደሟ ውስጥ እንዳለ አድርጋ ማሰብ ትጀምራለች፣ ቤተ ዘመዱም «ከየት አመጣችው?» የሚል ጥያቄ ያነሣል፣ አንዳንዴም ለመድኃኒትና ለተደጋጋሚ ምርመራ ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነ ገንዘብ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚዘነጋው ነገር በኢትዮጵያ ይህ ምርመራ ፖዘቲቭ የማይሆንባትን እናት ማግኘት የሚያስቸግር መሆኑ ነው። በአዲስ አበባና በሐዋሳ በነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከ10 ሴቶች ከ8 የሚበልጡት ከቫይረሱ ጋር ቀድመው የተዋወቁ መሆናቸውን ያሳዩ ሲሆን፣ ከብዙ አገሮች ተሰብስቦ የተሰላው ግምትም በዓለም ላይ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 86 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቫይረሱ እንዳለባቸው ያመለክታል። አምስት ጤናማ ልጆች የወለደች እናትና ሦስት ጊዜ የጨነገፈባት እናት ጎን ለጎን ቢመረመሩ የሁለቱም ውጤት አንድ ዓይነት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ሁለቱን የማይለይ ምርመራ ደግሞ የአንዲቱን ሐዘን ምክንያት ሊነግር አይችልም። ስለዚህ የዚህ ሐተታ አቋም፣ ትኩረቱም ገንዘቡም ከእናቲቱ ደም ተነሥቶ ወደ ጨቅላው ሽንትና ምራቅ፣ ከዚያም ወደ ጆሮው መዞር አለበት የሚል ነው። ይህን ማለት ግን ቫይረሱ ለኢትዮጵያ ሕፃናት አያሰጋም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከተሳሳተው ፍርሃት ባልተናነሰ የሚጎዳው የተሳሳተው መረጋጋት ነው።

የቫይረሱ ጠባይና የምርመራው ወሰን

ሲ.ኤም.ቪ. የሄርፒስ ቫይረሶች ቤተሰብ አባል ነው። ይህ ቤተሰብ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በከንፈር ላይ ቁስል ወጥቶ «ምች መታኝ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከቤተሰቡ አባላት አንዱ ነው፣ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘው ቫይረስ ከብዙ ዓመታት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ የሚመለሰውም ሌላው አባል ነው። የሁሉም የጋራ ጠባይ አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ ጨርሰው የማይወጡ፣ በሕዋሳት ውስጥ አድፍጠው የሚኖሩና የሰውነት የመከላከል አቅም ሲላላ የሚቀሰቀሱ መሆናቸው ነው። ጀርመናዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ሁጎ ሪበርት እ.ኤ.አ. በ1881 ሞቶ በተወለደ ሕፃን ኩላሊት ውስጥ ከልክ በላይ የገዘፉ ሕዋሳትን ቢያይም ምንነታቸውን ሊያውቅ አልቻለም፤ ቫይረሱን በቤተ ሙከራ ለይቶ ማሳደግ የተቻለው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ይህም ማርጋሬት ስሚዝ፣ ዋላስ ሮውና ቶማስ ዌለር በአሜሪካ በየፊናቸው ባከናወኑት ሥራ ነው። በፖሊዮ ቫይረስ ምርምሩ የኖቤል ተሸላሚ የነበረው ዌለር ሕዋስን የሚያገዝፍ መሆኑን ለማመልከት ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚለውን ስም ሰጠው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደምና በአካል ክፍል ንቅለ ተከላ፣ እንዲሁም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንስ በማለፍ ነው። ከእነዚህ መንገዶች መካከል የግብረ ሥጋ ግንኙነት መኖሩ ብቻውን በብዙ ትዳሮች ውስጥ ያለ ቦታው ጥርጣሬ ዘርቷልና ነገሩ በግልጽ መነገር ይኖርበታል። ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ በሚኖርበት፣ ጡት ማጥባት የሁሉ እናት ልማድ በሆነበትና ልጆች አንድ ሰሐን ከበው በሚያድጉበት አገር አብዛኛው ሰው ቫይረሱን የሚያገኘው በጨቅላነቱና በሕፃንነቱ፣ ከእናቱ ወተትና ከታላላቆቹ ምራቅ ነው። የ28 ዓመት ሴት ውጤት ፖዘቲቭ ሲሆን ምናልባት የ27 ዓመት ዕድሜ ያለው ታሪክ እየተነበበ ነው፤ ስለ እሷም ሆነ ስለ ባሏ ጠባይ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ይህን ለባልና ሚስቱ አብረው ባሉበት ማስረዳት ምርመራውን ያዘዘው ባለሙያ ግዴታ ነው።

ምርመራው የሚለካው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። አይ.ጂ.ጂ. የተባለው ዓይነት ከኢንፌክሽኑ በኋላ ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ስለሚቆይ መኖሩ የሚያሳየው ሰውየው በሕይወቱ በአንዱ ወቅት ቫይረሱን ማግኘቱን ብቻ ነው። አይ.ጂ.ኤም. የተባለው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽንን ያሳያል ተብሎ ቢታመንም ለብዙ ወራት ሊቆይ፣ ያደፈጠው ቫይረስ ሲቀሰቀስ ዳግም ሊታይ፣ አንዳንዴም በሌላ ቫይረስ ምክንያት በስሕተት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን የሚይዝበትን ጥንካሬ የሚለካ ተጨማሪ ምርመራ ነው፤ አያያዙ ጠንካራ ከሆነ ኢንፌክሽኑ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት የሆነ ነው ማለት ነው። ይህ ተጨማሪ ምርመራ በማይደረግበት ቦታ «አይ.ጂ.ኤም. ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። ደጋግሞ ለሚከሰት ውርጃ ደግሞ የቶርች ጥቅል ምርመራ እንደማይጠቅም የብሪታንያ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅን የመሰሉ የሙያ ማኅበራት ከተናገሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ያም ሆኖ ትእዛዙ ልማድ ሆኖ ቀጥሏል፤ ምናልባትም መልስ አጥቶ ባዶ እጅ ከመሸኘት አንድ የምርመራ ወረቀት ማስያዝ ለሐኪሙም ለታካሚዋም ስለሚቀል ይሆናል። የሚቀለው ግን ለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ምክንያት የተነገራት ሴት እውነተኛውን ምክንያት፣ የማህፀን ቅርጽ ችግርም ይሁን የታይሮይድ ወይም የደም መርጋት መዛባት፣ መፈለግ ታቆማለች።

«አብሮን የኖረ ነውና አይጎዳንም»

ከላይ የተባለውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁላችንም ቀድሞ ስላለብን ልጆቻችን ተጠብቀዋል» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ይህ ድምዳሜ ከተራ ግምት የመጣ አይደለምና በቀላሉ የሚጣል ሙግት ተደርጎ መታየት የለበትም። መሠረቱ በአሜሪካ አላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ምርምር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው ውጤት እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዙባቸው ሕፃናት 25 በመቶዎቹ የቆየ ጉዳት ሲገኝባቸው፣ እናቶቻቸው ከእርግዝና በፊት ፀረ እንግዳ አካል ከነበራቸው መካከል ግን ይህ የታየው በ8 በመቶዎቹ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ቫይረሱን ወደ ፅንሱ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሲደርስ፣ ቀድሞ የነበረባት እናት ዕድል ግን ወደ 1 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። እነዚህ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ የቀድሞ መከላከያ ጥቅም እንዳለው አያጠራጥሩም፤ ስሕተቱ ያለው ስለ አንዲት እናት የተነገረውን ቁጥር ለአንድ አገር በሙሉ ማዋል ላይ ነው።

ጥቂት ሴቶች ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዙበት፣ ሚሊዮኖች ግን ቀድሞ የተያዙበት አገር ካለ፣ የብዙዎቹ አነስተኛ ዕድል ተደምሮ ከጥቂቶቹ ከፍተኛ ዕድል ይበልጣል። በብራዚል ሪቤራው ፕሬቱ ከተማ፣ ከእናቶች 97 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ቀድሞ ባለባቸው ሕዝብ ውስጥ፣ ከ8,000 በላይ ጨቅላዎች ተመርምረው ከቫይረሱ ጋር የተወለዱት 1 በመቶ ያህል ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህ ምጣኔ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ከቫይረሱ ነፃ በሆኑባት አሜሪካ ከሚታየው፣ ከ200 ሕፃናት አንዱ ከሚለው ምጣኔ፣ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ከእነዚያ የብራዚል ሕፃናት መካከልም የመስማት ችግር የደረሰባቸው ነበሩ። ቀድሞ የነበረው መከላከያ ለምን ሙሉ አይሆንም ለሚለው ጥያቄ አንዱን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የበርሚንግሃም ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ ቫይረሱ ቀድሞ ከነበረባቸው እናቶች መካከል የተያዘ ልጅ ከወለዱት 16ቱ 10ሩ ከቀድሞው ልጃቸው በኋላ በሌላ ዝርያ ዳግም መያዛቸውን የሚያሳይ አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል፣ ጤናማ ልጅ ከወለዱት 30 እናቶች መካከል ግን ይህ የታየው በ4ቱ ብቻ ነበር። ቫይረሱ አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ አንዱን ዝርያ የሚያውቅ ሰውነት ለሌላው ዝርያ ሙሉ በሙሉ ዝግ አይሆንም።

የአፍሪካ መረጃ ጥቂት ቢሆንም የሚያመለክተው ወደዚሁ ነው። በጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከተወለዱት ሕፃናት 5 በመቶ የሚበልጡት ቫይረሱን በማህፀን ሳሉ ያገኙ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በወሊድ ጊዜ የእንግዴ ልጃቸው በወባ የተጠቃ እናቶች ልጆች ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል፤ ኤች.አይ.ቪ. ካለባቸው እናቶች የሚወለዱ ሕፃናትም ከሌሎቹ ይበልጥ ለዚህ ቫይረስ እንደሚጋለጡ ከደቡባዊ አፍሪካ የወጡ ጥናቶች ያሳያሉ። በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የተሰበሰበው አማካይ ምጣኔ 1.4 በመቶ ገደማ ሲሆን በባለጸጋ አገሮች 0.5 በመቶ አይሞላም። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ ምጣኔው 1 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ከ30,000 የማያንሱ ሕፃናት ከቫይረሱ ጋር ወደዚህ ዓለም ይመጣሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ለዘለቄታዊ ጉዳት ይጋለጣል የሚለው የሌላ አገር ልምድ ለኢትዮጵያ እናቶች በግማሽ ተቀንሶ ቢወሰድ፣ ሦስት ሺሕ ልጆች በየዓመቱ መስማት ወይም ማየት ይቸገራሉ፣ ወይም ዕድገታቸው ይገታል። እነዚህን ልጆች የሚቆጥር ሰው የለም፤ ያልተቆጠረ ሕመም ደግሞ እንደሌለ ይወሰዳል።

የመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት

ከቫይረሱ ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት በልደታቸው ቀን ምልክት የሚታይባቸው ከ10 አንዱ ያህል ናቸው። ምልክቶቹም የክብደትና የጭንቅላት ማነስ፣ የቆዳና የዓይን ቢጫነት፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ፣ ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዴም የሰውነት መንቀጥቀጥ ሲሆኑ፣ ጭንቅላቱ በአልትራሳውንድ ሲታይ በአንጎል ፈሳሽ ማጠራቀሚያዎች ዙሪያ የካልሲየም ክምችት ሊገኝ ይችላል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል እነዚህን ምልክቶች ያየ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የደም መመረዝን ነው፤ መጠርጠሩም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የደም መመረዝ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ችግሩ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ተሰጥቶ በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ የሚፈለግበት ምርመራ፣ የደም ካልቸሩ፣ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይነሣ ሕፃኑ ወደ ቤቱ መላኩ ነው። የቀሩት ዘጠኙ ሕፃናት ደግሞ ጤናማ መስለው ይወለዳሉ፤ ከእነሱም ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ውለው አድረው የመስማት አቅማቸውን ያጣሉ። ቫይረሱ በዘር ከሚመጡት ምክንያቶች ውጭ ለሕፃናት የመስማት ችግር ከሁሉ ዋነኛው ምክንያት ሲሆን፣ ጉዳቱን የሚያከፋው ብዙ ጊዜ በልደት ዕለት አለመኖሩና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቀስ በቀስ መምጣቱ ነው። ልጁ አፉን ሳይፈታ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ «አንዳንድ ልጅ አፉ ይዘገያል» ብሎ ይታገሣል፤ ሦስት ዓመት ሲሞላው መስማቱ መጠርጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን የሚነግር ምርመራ የለም።

ለምን እንደሌለ መረዳት የነገሩ ቁልፍ ነው። በማህፀን ሳለ የተያዘ ሕፃን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በሽንቱና በምራቁ ውስጥ ቫይረሱን በብዛት ያወጣል፤ በምጥ ጊዜ ወይም ከጡት ወተት ያገኘ ሕፃን ግን ማውጣት የሚጀምረው ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ናሙናው በ21 ቀን ውስጥ ከተወሰደ ፖዘቲቭ ውጤት በማህፀን የደረሰ ኢንፌክሽን መኖሩን ይናገራል፤ ከዚያ ካለፈ ጎጂው ኢንፌክሽን ምንም ከማያደርገው የጡት ወተት ኢንፌክሽን ጋር ተቀላቅሎ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የናሙናው አወሳሰድ ቀላል ነው፤ ከጠባ አንድ ሰዓት ያህል ባለፈው ሕፃን ጉንጭ ውስጥ ትንሽ የጥጥ ዘንግ ለጥቂት ጊዜ ተደርጎ ምራቁን እንዲመጥ ይደረጋል፣ የቫይረሱ ዘረመል በፒ.ሲ.አር. ይፈለጋል፣ ፖዘቲቭ ከሆነም ከእናቲቱ ወተት የመጣ እንዳይሆን በሽንት ናሙና ይረጋገጣል። ከኮቪድ-19 ወዲህ የፒ.ሲ.አር. መሣሪያ በብዙ የክልል ላቦራቶሪዎች ስላለ የጎደለው በዋናነት መሣሪያው ሳይሆን ለዚህ ቫይረስ የሚያስፈልገው መመርመሪያ ኬሚካልና ትእዛዙ ነው። ኤች.አይ.ቪ. ካለባቸው እናቶች የሚወለዱ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዛቸው ደም በወረቀት ላይ ተወስዶ የሚመረመሩበት አሠራር በአገሪቱ ሥር ሰዷል፤ ያ ናሙና ለሲ.ኤም.ቪ. ሦስት ሳምንት የዘገየ ነው፣ ናሙና ሰብስቦ ወደ ማዕከል የማድረሱ ልምድ ግን ከወዲሁ አለ።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት መታረም አለበት። ቫይረሱ በጡት ወተት ይተላለፋል የሚለውን የሰማች እናት ጡት ልታስጥል ትችላለች፤ ይህ ፈጽሞ መሆን የለበትም። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን ቫይረሱን ከወተት ቢያገኘውም ከእናቱ በወረሰው መከላከያ ታግዞ ያለ ጉዳት ያልፈዋል፤ ጡት መጣል የሚያስከትለው ተቅማጥና የምግብ እጥረት ግን በየቀኑ የሚታይ ገዳይ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከ32 ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ለተወለዱ ሕፃናት ብቻ ሲሆን፣ ለእነሱም ቢሆን የእናት ወተት ጥቅም ከሥጋቱ ይበልጣልና ውሳኔው የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሙ ነው።

የአቅም ሙግትና መልሱ

በባለጸጋ አገሮች የነፍሰ ጡሮች ምርመራ እየተስፋፋ መሆኑን ጠቅሰው ኢትዮጵያም ይህንኑ እንድትከተል የሚመክሩ አሉ። ሙግታቸው የሚደገፈው በእስራኤል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ነው፤ በእርግዝናቸው መባቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙ ሴቶች ቫላሳይክሎቪር የተባለውን መድኃኒት በቀን 8 ግራም ሲወስዱ ቫይረሱ ወደ ፅንሱ የተላለፈው በ11 በመቶዎቹ ሲሆን፣ መድኃኒት አልባ ክኒን ከወሰዱት መካከል ግን በ30 በመቶዎቹ ነበር። ውጤቱ ለእነዚያ ሴቶች እውነተኛ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የተፈተነው በመጀመሪያ ኢንፌክሽን ላይ ነው፣ ይህንን ለይቶ ማወቅ የሚቻለውም ሴቲቱ ከእርግዝና በፊት ነፃ እንደነበረች ከታወቀ ወይም ከላይ የተጠቀሰው የፀረ እንግዳ አካሉን አያያዝ የሚለካው ምርመራ ከተደረገ ነው። በኢትዮጵያ ካሉ ሴቶች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ስለተያዙ ይህ መንገድ የሚያገለግለው ጥቂቶቹን ነው። በጣሊያን በተደረገ ጥናት እጅ መታጠብንና የሕፃን ምራቅ ከመቅመስ መቆጠብን የተመከሩ ነፃ ነፍሰ ጡሮች የተያዙት 1.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተመከሩት ግን 7.6 በመቶ መሆናቸው ምክሩ የሚሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ለቀድሞ ተያዦች የዚህን ያህል ማስረጃ ባይኖርም አዲስ ዝርያ የሚመጣው በዚያው በምራቅና በሽንት መንገድ ስለሆነ፣ ነፍሰ ጡር እናት የሕፃን ጨርቅ ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ፣ ታዳጊ ልጇ ያስተረፈውን እንዳትበላና ማንኪያውን እንዳትልስ መምከር ምንም የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

ክትባቱን እንጠብቅ የሚሉም አሉ። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ክትባት በቅድሚያ ሊሠሩ ከሚገባቸው መካከል ከፍተኛውን ስፍራ ሰጥቶት ነበር፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ፣ የሞደርና ኩባንያ ክትባት በመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራው ግቡን ሳይመታ ቀርቷል። ያ ሙከራ መከላከያውን የመዘነው ቫይረሱ በሌለባቸው ሴቶች ላይ ስለነበር ቢሳካም እንኳ የኢትዮጵያን ጥያቄ የሚመልስ አልነበረም፤ ወደፊት የሚመጡ ሙከራዎች ቫይረሱ ቀድሞ ያለባቸውን ሴቶች ማካተት ይኖርባቸዋል፣ አፍሪካውያን ተመራማሪዎችም ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አላቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ሙግት ነው፦ እናት በወሊድ ላይ በደም መፍሰስ በምትሞትበትና ጨቅላ በትንፋሽ እጦት በሚያልፍበት አገር ስለ ሲ.ኤም.ቪ. ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። መድኃኒቱን በተመለከተ ሙግቱ ግማሽ እውነት አለው። ቫልጋንሲክሎቪር የተባለው ሽሮፕ ጉልህ ምልክት ላለባቸው ሕፃናት በመጀመሪያው ወር ተጀምሮ ለስድስት ወር ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በ96 ሕፃናት ላይ በታተመው ሙከራ እንደታየው፣ ለመስማትና ለአእምሮ ዕድገት መጠነኛ ጥቅም ያስገኛል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ስለሚቀንስ በየጊዜው የደም ቆጠራ ይፈልጋል። ሆኖም መመርመር ዋጋ የሚያገኘው መድኃኒት ሲኖር ብቻ አይደለም። መስማት እንደተሳነው በስድስተኛ ወሩ የታወቀ ልጅ የምልክት ቋንቋን ከቤተሰቡ ጋር ሊማር ይችላል፤ ለዚህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ አያስፈልግም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዲግሪ የሚሰጥ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ትምህርትም አለ። በአራት ዓመቱ የታወቀ ልጅ ግን አእምሮው ማንኛውንም ቋንቋ በቀላሉ የሚቀበልበትን ዘመን ያለ ቋንቋ አሳልፎታል፤ ይህን ኪሳራ በኋላ የሚያካክስ ትምህርት ቤት የለም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከ2019፣ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ እንዳደረጉት የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ መመርመር አይደለም፤ በሚኒሶታ የሚወለዱ የብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች የዚህ ዕድል ተጠቃሚ ናቸው፣ ወላጆቻቸውም ውጤቱ ሲነገራቸው እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊቀበሉት ይገባል። በኢትዮጵያ ሊጀመር የሚችለው ከሪፈራል ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ነው፤ ጭንቅላቱ ያነሰ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ቢጫነትና ነጠብጣብ ያለበት፣ ወይም የደም ካልቸሩ ባዶ የተመለሰ ሕፃን ሁሉ 21 ቀን ሳይሞላው ምራቁ ወይም ሽንቱ ይወሰድ። የመስማት ክትትሉ ደግሞ አዲስ ቀጠሮ ሳይፈልግ እናቶች አስቀድመው ከሚመጡባቸው የክትባት ቀናት ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ በ14ኛው ሳምንት በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣል ወይ፣ በዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ዕለት ከጀርባው ሲጠራ ዞር ይላል ወይ፣ በ15ኛው ወር ስንት ቃል አወጣ የሚሉት ጥያቄዎች በክትባት ካርዱ ላይ ቦታ ቢያገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልትጠይቃቸው ትችላለች፣ መልሱ አጠራጣሪ የሆነውን ልጅም የጆሮ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል ትልካለች። ለውርጃ የሚታዘዘው የቶርች ጥቅል ከልማዳዊ ትእዛዝነት ቢወጣ ለዚህ ሥራ የሚውል ገንዘብና የላቦራቶሪ ጊዜ ይተርፋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ በጥቂት ሆስፒታሎች ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቢካሄድም አገሪቱ ስንት ልጆቿ ከቫይረሱ ጋር እንደሚወለዱ ከጋምቢያና ከብራዚል ቁጥር መዋስ ትታ ከራሷ መዝገብ መናገር ትጀምራለች።